ላይኛውና ታችኛው፤ ስለ ቀሃ ወንዝ የቀረበ ሐተታ

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወርደው በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር አጠገብ ሲያድሩ፣ በማግሥቱም ካህናቱ ውኃውን ባርከው ሕዝቡ ሲረጭና ሲዋኝበት፣ እናቶችም ቤት ለቀረው በሽተኛ በጠርሙስ እየቀዱ ሲወስዱ፣ ያ ውኃ በቦይ ተጠልፎ የመጣ የቀሃ ውኃ መሆኑን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ይህንኑ ቀሃን ከመጠመቂያው ወረድ ብሎ ያየው ሰው ግን ፌስታሉን፣ የሃይላንድ ጠርሙሱን፣ የሳሙናውን አረፋና ከየጓሮው የተለቀቀውን እጣቢ ተሸክሞ ሲያዘግም ያገኘዋል። እንግዲህ ሕሊናዬን ሲያመላልሰው የኖረው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ሕዝብ አንዱን ውኃ በጥር አክብሮ በየካቲት የሚያዋርደው በምን ምክንያት ነው?

ፈጥኖ የሚመጣው መልስ ሕዝቡን ግብዝ ማለት ነው፤ መልሱ ቀላል ስለ ሆነ ብቻ ተጠራጠርሁት። በእውነትም ወደየገዳማቱና ወደየአድባራቱ ጸበል የሄደ ሰው እንደሚያየው፣ ይኸው ሕዝብ በጸበሉ ምንጭ ላይ ልብሱን አያጥብም፣ ጫማውን ሳያወልቅ አይቀርብም፣ ጥራጊ የሚጥል ሰው ቢገኝም ዘበኛ ሳይጠራ እዚያው በምእመናን ተግሣጽ ይመለሳል። ስለዚህ ውኃን ማክበር የማያውቅ ሕዝብ አይደለም።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ከትምህርተ ሃይማኖት የመጣ ነበር። ጌታ ወደ ዮርዳኖስ በወረደ ጊዜ ባሕርየ ማያትን ሁሉ ቀደሰ ተብሎ ይሰበካልና፣ አንዳንዱ ሰው የተቀደሰ ነገር አይረክስም በማለት ተዝናንቶ ይሆንን ብዬ አንድ ሽማግሌ መሪጌታን ጠየቅኋቸው። ጥቂት ሣቅ ብለው፣ «ልጄ፣ የተባረከው ውኃው ነው እንጂ እጣቢው አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በመጻሕፍት ዘንድ መፈለጌን ትቼ በወንዙ ዳር መፈለግ ጀመርሁ።

በወንዙም ዳር ከድንጋይ ላይ ጋቢ የምታጥብ አንዲት ሴት አገኘሁና፣ «እናቴ፣ ይህ ሳሙና ወዴት ይሄዳል?» አልኋት። «ወደ ታች ነዋ» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ «ቧንቧው በፈረቃ እንኳ በወጉ ቢመጣ እኔን እዚህ ምን አመጣኝ? እርሶ ቤት ይመጣል?» ስትል እኔው ተጠያቂ ሆንሁ። እውነቷን ነው። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የምትጠጣው ከአንገረብ ግድብ ነው፤ ግድቡን ደግሞ ከወገራ በኩል ካለው ተዳፋት ክረምት በመጣ ቁጥር የሚታጠበው አፈር በደለል እየሞላው ሊይዝ የታሰበለትን ውኃ ቀንሶበታል፤ የከተማው ሰው ግን ከዓመት ወደ ዓመት በዝቷል። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብም ሥራው ከዐሥር ዓመት በላይ ሲጎተት ኖረ። ውኃ ከቤቱ የቀረበት ሰው ወደ ውኃው መውረዱን እንደ ኃጢአት ልቆጥርበት አልቻልሁም።

ዳሩ ግን ከንግግሯ ውስጥ «ወደ ታች ነዋ» ያለችው በጆሮዬ ቀረች፤ የምፈልገው ነገር እዚያ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ጸበል የሚጠጣው የሚጠብቀው ሰው ነው፤ በወንዝ ግን የሚያቆሽሸው አንዱ፣ የሚጠጣው ሌላው ነው። ጎንደርም ከጥንት ጀምሮ ላይና ታች ያላት ከተማ ናት። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከተማይቱን በኮረብታዋ ላይ፣ ቀሃንና አንገረብን ከግርጌዋ ሲገናኙ፣ ከወንዙ ማዶም ትልቁን የእስላሞች ሰፈር አይቶ ጽፏል። ቤተ መንግሥቱና አድባራቱ ከላይ፣ ሸማኔውና ነጋዴው ከታች፤ እንግዲህ የላይኛው እጣቢ በማን ደጅ ያልፍ እንደ ነበር ለማወቅ የታሪክ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የጉባኤው አባቶች ይህን አስበው ወሰኑ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ውኃው ግን ሳይታሰብም ቁልቁል ይፈሳል።

ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውኃውን አታደፍርሽብኝ» ቢላት «ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችውን ተረት በልጅነታችን ስንሰማ፣ ሁላችንም ከአህያዋ ጋር ሆነን እንፈርድ ነበር። ጎንደር ዛሬ በማን ቦታ እንደ ቆመች ብጠይቅ ግን መልሱ ሁለት ሆነብኝ። ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም በደምቢያ ሜዳ አድርጎ ወደ ጣና ይገባልና፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ በሰሜኑ ዳርቻ ተንሰራፍቶ የደምቢያን ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ሲያግድ፣ ከላይ የመጣው እጣቢ አረሙን ከሚያወፍሩት ነገሮች አንዱ ነው፤ የእርሻው ማዳበሪያና የታጠበው አፈር ድርሻ እንዳላቸውም አልክድም። ከደምቢያ አንጻር እንግዲህ ከተማዋ ከላይ ናት። የአንገረብን ግድብ ደለል ለሚልከው ለተዳፋቱ ገበሬ ግን ከተማዋ ታችኛ ናት፤ እርሱ ለልጆቹ እህል አጥቶ ገደሉን ሲያርስ፣ የጎንደር ቧንቧ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደምትንጠባጠብ አያስብም፤ የጎንደርም ሰው ስለ ደምቢያ አያስብም። ሁሉም ወደ ላይ እያየ ያማርራል፣ ወደ ታች ግን ዞር ብሎ አያይም።

ይህ ነገር የወንዝ ዳር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ሰሜን የሚነሣው ሌላው አንገረብ፣ በስም ከእኛው ጋር ሞክሼ ሆኖ፣ ወደ ምዕራብ ወርዶ ወደ አትባራ ይገባል፤ የእኛው አንገረብ በጣና በኩል ዓባይ ይሆናል፤ ሁለቱም ሱዳን ላይ በአንድ ወንዝ ይገናኛሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል፤ በላይኛው ሀገር መብትም ጥርጥር የለኝም። ነገር ግን በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሦስቱ መንግሥታት በፈረሙት የመርሖች ስምምነት፣ በጎረቤት ላይ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ ከመርሖቹ አንዱ ነው። ለካይሮና ለካርቱም በወረቀት የሰጠነውን ቃል በደምቢያ ላለው የቆላድባ ገበሬ በአፍ እንኳ አለመስጠታችን ያስደንቀኛል። የሩቁ ጎረቤት ኤምባሲ ስላለው ይሆን?

በዚህ ላይ ሳለሁ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። በወንዞቹ ዳርና ዳር በውኃ ሞተር እየተሳበ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ከተማው ገበያ ነው፤ ስለዚህ ያፈሰስነው ነገር በጆንያ ሆኖ ሽቅብ ይመለስልናል። ይህን ለባልንጀሮቼ ብነግራቸው ሁሉም ደነገጡ፤ ከዚያ በፊት ስለ ደምቢያ ያልኋቸው አንዱንም አላስደነገጠ። በመጀመሪያ ማሳመኛ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ኋላ ግን ያው መደንገጣቸው አጠራጠረኝ። ሰላጣው ወደ እኛ ባይመለስስ? ጉዳቱ በሙሉ በታችኛው ላይ ቢቀርስ፣ ግዴታችን ይቀራል ማለት ነውን? የሚቀር ከሆነ ስንጠብቅ የኖርነው ሆዳችንን ነው እንጂ ወንዙን አይደለም። ስለዚህ ያን ማስረጃ፣ እውነት ቢሆንም፣ መሠረት ላደርገው አልፈለግሁም።

በአዲስ አበባ ወደ ወንዝ ቆሻሻ በሚለቅቅ ላይ ቅጣት ተደንግጓል፤ መልካም ነው። ቢሆንም ቅጣት የሚቀጣው የታየውን ነው፤ ያቺን ጋቢ አጣቢ ለመቅጣት ይቀልላል፣ ቱቦውን በሌሊት ወደ ቀሃ የሚያዞረውን ባለ ፎቅ ለመያዝ ግን ያስቸግራል። እኔ ከዚያ የሚቀድም ይመስለኛል የምለው፣ የጎንደር ውኃና ፍሳሽ ጉዳይ በሚመከርበት ጉባኤ ከደምቢያ የተመረጠ አንድ ገበሬ፣ ለእንግድነት ሳይሆን ድምፅ ኖሮት፣ ወንበር እንዲሰጠው ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ወገራ ላይ ስለሚታረሰው ተዳፋት ሲመከር የጎንደር ሰው ልቀመጥ ይላል፣ ገበሬውም «እንግዲያስ እርከኑን ስሠራ የምበላውን ማን ይሰጠኛል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይጠይቀው፤ ለቧንቧው ውኃ የምንከፍለው ገንዘብ ከፊሉ ወደዚያ የማይሄድበት ምክንያት እስካሁን አልታየኝም።