ሙያን ስለ መለገስ

የሙያ በጎ ፈቃድ ማለት አንድ ሠራተኛ እንጀራ የሚበላበትን ዕውቀት ለበጎ አድራጎት ድርጅት ያለ ክፍያ ማበርከት ነው። የሒሳብ ባለሙያው መዝገብ ያስተካክላል፤ ጠበቃው ክስ ያዘጋጃል፤ መሐንዲሱ የግንባታ ዋጋ ግምት ይሠራል፤ የኮምፒዩተር ባለሙያው የተረጂዎችን መረጃ ከደብተር ወደ ዳታቤዝ ያሸጋግራል። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞች ቤት ከሚታደስበትና ችግኝ ከሚተከልበት ዘመቻ የሚለየው፣ ሰጪው ከጉልበቱ ይልቅ ዓመታት የፈጀበትን ትምህርት ይዞ መምጣቱ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥሩ አርአያ የሚሆኑት የሕግ ሰዎች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57፣ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ ጠበቃ ለማቆም አቅም ላጡ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ታወቀ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ ማኅበሩ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገደደ። በዚያ ክፉ ጊዜ ነፃ የሕግ ድጋፉ ጨርሶ ያልተቋረጠው በበጎ ፈቃደኞች ነው።

ያ ገደብ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተነሥቷል። ሆኖም አዲሱ አዋጅም የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ገቢው ትንሽ የሆነ ድርጅት በዚህ ጣሪያ ውስጥ ልምድ ያለው የሒሳብ ሹም፣ የሕግ አማካሪና የኮምፒዩተር ባለሙያ አሟልቶ መቅጠር ይከብደዋል። ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሚቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ግን ቀን አይጠብቁም። የለጋሽ ባለሙያ ቦታ ይህ ክፍተት ነው።

በአዲስ አበባ መገናኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰፈር ነው። የኮተቤ፣ የሲኤምሲ፣ የቦሌና የሃያ ሁለት መንገዶች ከቀላል ባቡሩ ጋር እዚህ ስለሚገጥሙ፣ በዙሪያው ባሉት ሕንፃዎች የሚውል ባለሙያ ከተረጂዎቹ ብዙ አይርቅም። በአያት በኩል መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መሪ ቃሉ ለማጉረስና ለማጠብ እውነት ነው፤ መድኃኒት ለመቆጣጠር ግን ፋርማሲስት ያስፈልጋል። በእንጦጦ በኩል ደግሞ ከባሕር ዛፉ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው መሸጡን ትተው ወደ ሽመና የዞሩ ሴቶች ማኅበር አለ። እንዲህ ላለ ማኅበር የአንድ ሻርፕ ዋጋ ራሱን የቻለ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ድርና ማጉ ስንት ወጣበት፣ ስንት ቀን ተሠራ፣ የሠሪዋ የቀን ሒሳብ ስንት ነው፣ ከቤት ኪራዩና ከመብራቱ ምን ያህል ይደርስበታል? ይህን በአንድ ገጽ አስልቶ ያሳየ ባለሙያ ሴቶቹ ሳያውቁት በኪሳራ እንዳይሸጡ ያደርጋል።

ወጣት ባለሙያ ከመስጠቱ በፊት መጠየቅ አለበት። የደመወዝ መዝገብ የቸገረው ድርጅት ማንም የማያድሰው ድረ ገጽ ቢሠራለት አልተረዳም። ቀጥሎ የሥራው ወሰንና የማብቂያ ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ። የድርጅቱን ችግር ሁሉ ብቻዬን ልሸከም የሚል ሰው በመንገድ ይቀራል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። አሠሪው መሥሪያ ቤትም ይወቀው፤ የቢሮ ሰዓትና ሰነድ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሥራ አይውልም። መዝገቡን የሠራው ሰው ያንኑ መዝገብ ኦዲት አያደርግም። ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ በነፃ ሲሰጥም ፈቃድ ይጠይቃል። የተረጂ ስም፣ ፎቶግራፍና የጤና ሁኔታ ከድርጅቱ ግቢ አይወጣም።

ከሁሉም የሚብሰው ጥፋት ሥራን በእንጥልጥል መተው ነው። የይለፍ ቃሉን በስልኩ ይዞ የጠፋ ባለሙያ ድርጅቱን ከነበረበት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለዚህ ርክክቡ የሥራው አካል ይሁን፤ አጠቃቀሙ በአማርኛ ይጻፍ፣ ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ አንዱ ይሠልጥንበት፣ ቁልፉ ሁሉ ለኃላፊው ይሰጥ። ድርጅቱም በበኩሉ ሰነዱን አዘጋጅቶ፣ የሚያነጋግር አንድ ሰው መድቦ ይጠብቅ። «በነፃ ነው» ብሎ ቀጠሮ ማፍረስ ለሁለቱም ነውር ነው።

ይህን ለመጀመር ስመ ጥር ባለሙያ እስኪሆኑ መጠበቅ አያስፈልግም። ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል አስሮ ከባንክ መግለጫ ጋር ማስታረቅ የሚችል የሁለት ዓመት ሠራተኛ በቂ ሙያ አለው፤ በሠፈሩ ያለ አንድ ድርጅት ዘንድ ሄዶ ምን እንደጎደለ ይጠይቅ።