መቀሌን ማን ሠራት?

ካዛክስታን እ.ኤ.አ. በ1997 መናገሻዋን ከአልማቲ ወደ ሰሜኑ ሜዳ ያዛወረችው በፕሬዚዳንት ናዛርባዬቭ ውሳኔ ነበር። አዲሷ መናገሻ አስታና ቆየት ብላ የእሳቸውን ስም ወሰደች፤ በ2022 ደግሞ ተወችው። ለመሆኑ ከተማ በባለሥልጣን ቃል ብቻ ይፈጠራል?

መቀሌም የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ከተማ ትባላለች። ንጉሡ በእኛ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን በጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ አሠሩ። ታሪክ ቀልድ ያውቃል፤ ብዙም ሳይቆይ የናሬቲ አገር ወታደሮች ከተማዋ አጠገብ እንዳ ኢየሱስ በተባለው ቦታ ላይ መሸጉ፤ የውኃ ምንጩ ሲያዝባቸው በጥር 1888 ምሽጉን ለቀው ወጡ።

ንጉሡ ራሳቸው መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። ከተማዋ ግን አብራቸው አልሞተችም።

ያቆያት ምን ይሆን? አንዱ መልስ ጨው ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ የተነሣ የግመል ቅፍለት አሞሌውን በገመድ አስሮ ዳገቱን እየወጣ መቀሌ ይገባ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ሃይማኖታዊ ይሆናል። ዮሐንስ በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ በጠሩት ጉባኤ አገሩን በአንድ እምነት ለማሰር ተነሡ፤ የሙስሊም ሹማምንትም ወይ መጠመቅ ወይ ሹመት መልቀቅ ተፈረደባቸው። ከመናገሻቸው በስተምሥራቅ ግን ጨውን ጠርቦ ቅርጽ የሚያስይዘው ሙስሊሙ አፋር ነበር፤ ጭኖ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ክርስቲያኑ ደገኛ። አዋጁ የለያቸውን ገበያው አላለያየም፤ የሁለቱም እንጀራ በአንድ ግመል ጀርባ ላይ ነበርና።

ይህ የእምነት መቻቻል ነው ወይስ ጥቅም? ምናልባት ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው ለፈላስፋ እንጂ ለነጋዴ አይደለም። ዛሬ በጨው መንገዱ ላይ ካለችው ከበርሃሌ ወዲህ የጭነት መኪና ግመሉን እየተካ ነው።