ረጅሙን የተራራ መንገድ ከጓደኞቻቸው ጋር ለሚሮጡ ወጣቶች

ስኮት ጁሬክ እ.ኤ.አ. በ2015 የአፓላቺያን ትሬልን በ46 ቀን ከ8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ጨርሶ ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ካገዙት ሰዎች አንዱ ካርል ሜልትዘር ነበር። ሜልትዘር ያንኑ ክብረ ወሰን ለዓመታት ሲመኝ የኖረ፣ ሞክሮም ሳይሳካለት የቀረ ሯጭ ነው። በዓመቱ ሜልትዘር እንደገና ሲነሣ ደግሞ ጁሬክ ሄዶ አገዘው። ሜልትዘርም መንገዱን በ45 ቀን ከ22 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨርሶ የጁሬክን ክብረ ወሰን ወሰደ። ረጅም መንገድ በፈጣን ሰዓት ለመጨረስ የሚያስቡ ወጣቶች የልምምድ ፕሮግራም ከማውጣታቸው በፊት ይህን ታሪክ ቢያጤኑት ይጠቅማቸዋል። ምክንያቱም በዚህ ሩጫ ሰዓት የሚገኘውም የሚባክነውም በአብዛኛው በአጋዦች እጅ ነው።

የአፓላቺያን ትሬል በጆርጂያ ካለው የስፕሪንገር ተራራ እስከ ሜይን ካታዲን ተራራ ድረስ 14 የአሜሪካ ግዛቶችን ያቋርጣል፤ ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለክብረ ወሰን የሚሮጥ ሰው የሚነሣበትን ቀን ራሱ ይመርጣል። የሚያስነሣው ዳኛም ሆነ የሚጠብቀው ሽልማት የለም።

ጁሬክ እ.ኤ.አ. በ2011 በጄኒፈር ፋር ዴቪስ የተያዘውን ክብረ ወሰን ያሻሻለው በ3 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነው። ይህ ለ46 ቀናት ሲካፈል በቀን 4 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ታራ ዳወር እ.ኤ.አ. በ2024 በ40 ቀን ከ18 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ስትጨርስ፣ ቤልጂየማዊው ካሬል ሳቤ በ2018 ያስመዘገበውን ሰዓት በ13 ሰዓት ተኩል በልጣለች። እሱም በቀን ሲታሰብ 20 ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ደግሞ ካልሲ ሲፈለግ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ «ምን ልስጥህ?» ሲባል ሳይታወቅ ያልፋል።

ስለዚህ ጓደኞች ከሁሉ በፊት ማረፊያውን ይለማመዱ። መንገዱ አስፋልት በሚያቋርጥበት ቦታ መኪናው ቆሞ፣ ወንበሩ ተዘርግቶ፣ ዕቃው ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቅ። ሯጩ ደርሶ ሲቀመጥ አንዱ የውሃ ኮዳዎቹን ወስዶ ይሞላል። ሌላው ጫማውን ያወልቅለታል፤ እግሩን በፎጣ ያደርቃል፤ መቅላትና መለብለብ የጀመረው ቆዳ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ፕላስተር ይለጥፍበታል። ሦስተኛው የተበጠበጠ በሶ ወይም ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች ያቀብለዋል፤ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎም ኪሱ ውስጥ ይጨምርለታል። የሚጠይቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ጥያቄዎቹም አስቀድመው የታወቁ ይሁኑ። መቼ በላ? ሽንቱ ምን ይመስላል? የትኛው እግሩ ነው የሚያመው? የደከመን ሰው አምስት ጓደኛ በአንድ ጊዜ ሲያዋራው ድካሙን ይጨምርበታል።

የአሯሯጭን ጥቅም ለኢትዮጵያዊ ወጣት ማስረዳት አያሻም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 የጨረሰው በአሯሯጮች ታግዞ ነው። በተራራ መንገድ ግን የአሯሯጭ ሥራ ይለያል። ሌሊት በዛፎቹ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት እየተከታተለ መንገድ ያሳያል፣ የመብያ ሰዓት ያስታውሳል፣ እንቅልፍ የያዘውን ባልንጀራውን በወሬ ያነቃል። ለዚህ ሥራ ከፈጣኑ ይልቅ ረጋ ያለውና ታጋሹ ጓደኛ ይመረጣል።

ይሉኝታ በዚህ ሩጫ ላይ አደገኛ ነው። «ይህን ያህል ደክሞ እንዴት አቁም እለዋለሁ?» የሚል ጓደኛ ለወዳጁ ያዘነ ይመስለዋል እንጂ ለጉዳት አሳልፎ እየሰጠው ነው። ከመነሣታቸው በፊት «በቃ» የማለት ሥልጣን ያለውን አንድ ሰው ይምረጡ፤ ሯጩም ያ ሰው ሲናገር ላለመከራከር ቃል ይግባ። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊቱን እያስጨነቀ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው እዚያው ቆሞ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ብዙ ውሃ የጠጣ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸውና መቀባጠር ከጀመረ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ መጨመር ያባብስበታል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም በረጅም ሩጫ ላይ ኩላሊትን ስለሚጎዱ ከመድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ቢወጡ ይሻላል።

ጀማሪ 3,500 ኪሎ ሜትር አይነካም። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ወጣቶች ጥሩ መፈተኛ ቅርባቸው አለ። ይኸው ትሬል በሜሪላንድ የሚያልፍበት ክፍል 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአንድ ቀን የሚጨርሱት ብዙ ናቸው። በፔንስልቬንያ ድንበር ያለው ጫፍ ድንጋያማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሳውዝ ማውንቴንን ሸንተረር ይዞ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይወርዳል። አስፋልት የሚያቋርጥበት ቦታ ብዙ በመሆኑ ጓደኞች በመኪና ቀድመው ለመጠበቅ ይመቻቸዋል። በበጋ መዥገር ስላለ ማታ ገላን መፈተሽ አይረሳ።

ሰዓት ለማስመዝገብ የሚሮጥ ሰው በምን ዓይነት እገዛ እንደሮጠ ሳይሸሽግ ይናገር። ጓደኛ በየማረፊያው እየጠበቀው የሮጠና ስንቁን ራሱ ተሸክሞ የሮጠ በአንድ ተራ አይመዘገቡም። ጆ ማኮናሂ እ.ኤ.አ. በ2017 የአፓላቺያን ትሬልን አጋዥ ቡድን ሳይከተለው በ45 ቀን ከ12 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨርሷል። የጂፒኤስ መዝገብ ይቀመጥ፤ ከመንገዱ የወጣ ሰውም ወደወጣበት ነጥብ ተመልሶ ይቀጥል። የቦታውን ሕግ ማክበርም ከጓደኞች ይጠበቃል። ጁሬክ በካታዲን ጫፍ ሻምፓኝ ሲከፈትለት የፓርኩ ጠባቂዎች ከሰሱት፤ በመጨረሻም በአደባባይ አልኮል በመጠጣት 500 ዶላር ተቀጥቷል።

የነዳጅና የምግብ ወጪውን ሯጩ ይሸፍን። ጓደኞቹ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ስለሚመጡ፣ እነሱ የሚሮጡበትን ቀን ዛሬውኑ ቆርጦ እሱም በተራው አጋዥ ሆኖ ይገኝ። ወደ ቤት ሲመለሱ ማን እንደሚነዳም አስቀድሞ ይወሰን። ሯጩና ሌሊቱን አብሮት ያደረው አሯሯጭ መሪ አይንኩ፤ የሚነዳው የመጨረሻውን ማረፊያ ሥራ ለሌሎች ትቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ እንቅልፍ የተኛ ሰው ይሁን።