ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ድምፅ

አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። ሰርቆ ወይም ሰው ደብድቦ የተፈረደበት፣ የእስር ጊዜውንም ጨርሶ የወጣ ሰው በምርጫ ቀን ከእናንተ እኩል ተሰልፎ ድምፅ ሊሰጥ ይገባዋልን? መልሳችሁን ለጊዜው በልባችሁ ያዙና አብረን እናስብ።

የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ብዙዎች ከሚገምቱት ይልቅ ርኅሩኅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ያለ ልዩነት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ የእስራት ቅጣቱን በመፈጸም ላይ ያለን ሰውና መብቱ በሕግ የተገደበበትን ሰው ከምዝገባ ያስቀራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ዳኛ የወንጀሉን ጠባይ አይቶ የጥፋተኛውን የመምረጥ መብት ሊሽር እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ቅጣቱን የጨረሰና እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሌለበት ሰው መራጭ ነው። ልብ በሉ፤ መብቱን ሊሽር የሚችለው ፍርድ ቤት እንጂ ጎረቤት አይደለም።

«ሕግ የጣሰ ሰው ሕግ አውጪውን እንዴት ይመርጣል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በተለይ የተበደለው ሰው ሲጠይቀው ጥያቄው ከባድ ነው። ልጇን በሰው እጅ ላጣች እናት «ይቅር በይና እርሺው» ማለት ቀላል የሚሆነው ለእኛ ነው። ነገር ግን ዳኛው ዓመታቱን ሲቆጥር የእርሷን ጉዳት መዝኗል። ቅጣቱ ካለቀ በኋላ እኛ የምንጨምርበት ንቀት ሁለተኛ ፍርድ ነው፤ ያውም ይግባኝ የሌለውና የሚያበቃበት ቀን ያልተቈረጠለት። ለእናቲቱም እንባ አያብስም። ለእርሷ የሚገባት ካሣና እውነተኛ ንስሐ ነው። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ያሰበው የተበደሉትን ነበር።

ደግሞም ድምፅ የመልካም ጠባይ ሽልማት አይደለም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሐዋሳ ውስጥ በማለዳ የተሰለፈውን ሕዝብ የምታስታውሱ አላችሁ። ባለ ሱቁም፣ ተሸካሚውም፣ አስተማሪውም አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው። በጽድቃችን ተመዝነን ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን ማን ይቆም ነበር? ከእስር የወጣው ሰው ግብር ይከፍላል፤ አዲስ ሕግ ሲወጣ ይገዛበታል። የሚገዛበትን ሕግ በሚያወጡት ሰዎች ምርጫ ቃል ቢኖረው ፍትሕ ነው።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት መራጮች በ2018 እ.ኤ.አ. ከነፍስ ግድያና ከወሲብ ወንጀል በስተቀር ቅጣታቸውን ለጨረሱ ሰዎች ይህን መብት መልሰዋል። በዓመቱ ግን የግዛቲቱ ምክር ቤት በፍርዱ የተጣለው መቀጮና ወጪ አስቀድሞ ይከፈል አለ፤ ድሀው እንደገና በር ላይ ቀረ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. በሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ በእስር ላይ ያሉትን እንኳ ድምፅ አሰጥታለች።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ንም አስታውሱ። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ተደብድበው ከታሰሩ በኋላ ገዢዎቹ በስውር ሊያሰናብቷቸው ፈለጉ። ጳውሎስ ግን የሮም ዜጋ መሆኑን ተናግሮ ራሳቸው መጥተው እንዲያስወጡን አለ። እርሱ የታሰረው ያለ ፍርድ ነበር፤ ጉዳዩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተፈረደበት ሰው ይለያል። ሆኖም ወኅኒ ዜግነትን እንደማይፍቅ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የወጣት ኅብረቶቻችን ማረሚያ ቤት ሄደው ይዘምራሉ፤ ሳሙናና ልብስ ያደርሳሉ። ያ ሰው ተፈትቶ እሑድ ከጎናችን ሲቀመጥ ግን ቦርሳችንን ወደ እኛ እንስባለን። በእስር ሳለ የወደድነውን ሲወጣ እንፈራዋለን። ብዙ ጊዜ እፍረት ሰውየውን ከትውልድ ቀዬው አርቆ ወደ ሌላ ከተማ ይሰደዋል። አዋጁ ደግሞ መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ቤት የሚያከራየው፣ ሥራ የሚያስገባው፣ የቀበሌ መታወቂያ እንዲያወጣ አብሮት የሚሄድ ሰው ያጣ እንደ ሆነ፣ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁሉን በጭፍን እመኑ አላልኳችሁም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን በማን እጅ እንደምንተው መጠንቀቅ ጥበብ ነው። ድምፅ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በሚቀጥለው የመራጮች ምዝገባ፣ ከኅብረታችሁ «እኔ እኮ ታስሬ ነበር፤ አይፈቀድልኝም» የሚል ወንድም ወይም እኅት ብታገኙ ሕጉን አስረዱ። ከዚያም አብራችሁ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሂዱና ከኋላው ተሰለፉ።