ሦስት ተማሪዎች በአቴና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ዘመን ከእኛ መካከል ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መሄድን የማይመኝ ጥቂት ነው። ከመርሐ ግብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን ስንጨዋወት ወሬያችን ብዙ ጊዜ ስለ ነጻ የትምህርት ዕድል፥ ስለ ፓስፖርትና ስለ ቪዛ ነው። ስለዚሁ ስለት የሚሳልም አይጠፋም። ዕውቀትን መሻት መልካም ስለ ሆነ ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ ጉዞው ሁለት ዓይነት አስተያየት እንሰማለን። ከታላላቆቻችን አንዳንዶቹ «ልጅ ባሕር ማዶ ከተሻገረ ሃይማኖቱንም ወገኑንም ይረሳል» እያሉ ይሠጋሉ። ከእኛ ከወጣቶቹ ደግሞ ብዙዎቻችን «ሰው የሚሆነው ወጥቶ የተማረ ነው» እንላለን። ሁለቱ የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሰውን የሚያጠፋውም የሚያለማውም የሄደበት አገር ነው ማለታቸው ነው።

እውነት እንዲህ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን የሦስት ተማሪዎች ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ እናገኛለን። ሦስቱም ወጣቶች ነበሩ፤ ሦስቱም ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ወጥተው በአንድ ዘመን ወደ አንዲት ከተማ ለትምህርት ሄዱ። ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሆኑ፤ አንዱ አሳዳጅዋ ሆነ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ምድር በቂሳርያ ተወለደ። ፊደልን ከአባቱ ተማረ፤ ቀጥሎም በቂሳርያና በቍስጥንጥንያ ተምሮ ወደ አቴና ተሻገረ። ሁለተኛው ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው። እርሱም በሁለቱ ቂሳርያዎች፥ በቀጰዶቅያዋና በፍልስጥኤሟ፥ ከዚያም በእስክንድርያ ተምሮ በመርከብ ወደ አቴና ጉዞ ጀመረ። በቆጵሮስ አጠገብ ታላቅ ማዕበል ተነሣባቸው። የሚጠጡት ውኃ ፈስሶ አለቀ፤ በኋላም የፊንቄ ነጋዴዎች ደርሰው ረዷቸው። በዚያ ዘመን ጥምቀትን እስከ ጉልምስና ማዘግየት የተለመደ ነበርና ጎርጎርዮስ ገና አልተጠመቀም ነበር። በመርከቡ ላይ ያስለቀሰው ከሞት ይልቅ ሳይጠመቁ መሞት እንደ ነበረ ራሱ ጽፎአል። በዚያም ቢድን ሕይወቱን ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ተሳለ። አቴና የደረሰው ይህን ስለት በልቡ ይዞ ነው።

አቴና በዚያ ዘመን ምን ትመስል ነበር? የንግግር ጥበብና የፍልስፍና ከተማ ነበረች። ከምሥራቅም ከምዕራብም ወጣቶች ይጎርፉባታል። የጣዖታቱ ቤተ መቅደሶች ገና ቆመው ነበር፤ ቲያትሩ፥ ግብዣውና የተማሪው ጭፈራ ብዙ ነበር። አዲስ የመጣውን ተማሪ ነባሮቹ በጩኸትና በፌዝ ከብበው በአደባባይ እየነዱ ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱት ነበር። በሩን እየደበደቡ አስፈራርተውት ካበቁ በኋላ እንደ እኩያቸው ይቀበሉታል። ጎርጎርዮስ ቀድሞ ስለ ገባ ጓደኞቹን ለምኖ ባስልዮስን ከዚህ አዳነው። ወዳጅነታቸውም ከዚህ ጀመረ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ባስልዮስ ብዙ የሰማላትን አቴናን ባያት ጊዜ እንዳሰባት አላገኛትም። ልቡ አዘነ፤ የጠበቀው ደስታ ባዶ መስሎ ታየው። በሰው አገር ያለ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከሩቅ ያማረው ከተማ ሲቀርቡት ብርድና ብቸኝነት ይሆናል፤ ስሙን በትክክል የሚጠራለት ሰው እንኳ ይጠፋል። ባስልዮስን ያጽናናው የከተማይቱ ውበት አልነበረም፤ አንድ ወዳጁ ነበር። ጎርጎርዮስ የሰው ጠባይ ቶሎ እንደማይታወቅ፥ ትምህርትም በጥቂት ቀን እንደማይመዘን እየነገረ ልቡን መለሰለት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ቤት ኖሩ፤ በአንድ ገበታ በሉ፤ አሳባቸውም አንድ ሆነ። ጎርጎርዮስ ወዳጁ ካረፈ በኋላ ስለ እርሱ በተናገረው የመታሰቢያ ንግግር ውስጥ፥ በአቴና የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ እንደ ነበረ ይመሰክራል። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራንዋ የሚወስደው ነው፤ ሁለተኛው ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው ነው። ወደ ግብዣውና ወደ ቲያትሩ የሚወስዱትን መንገዶች ለሚፈልጓቸው ተዉላቸው። ትልቁ ስማቸውም ክርስቲያን መባል ነበር።

ልብ በሉ፤ መንገዱ አንድ ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንን እንወዳለን ብለው ትምህርቱን አልናቁም። ባስልዮስ ሰዋስውን፥ የንግግር ጥበብን፥ ፍልስፍናን፥ የከዋክብትን ዕውቀት፥ ስፍርና ቍጥርን፥ ሕክምናንም ሳይቀር ተምሮአል። ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹም በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ጠንቅቀው ተማሩ፤ እምቢ ያሉት በንጉሡ ማዕድ መርከስን ነው (ዳን. 1)። ስለዚህ ስንፍና ጽድቅ አይደለም። ጸሎት አለብኝ ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ ተማሪ፥ ፈተና አለብኝ ብሎ ጸሎቱን ከሚተው አይሻልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ተማሪ እንምጣ። ይህ በቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ ስሙን የምንሰማው ዑልያኖስ ነው። የታላቁ ቈስጠንጢኖስ የወንድም ልጅ ነበር። በ355 ወደ አቴና ለትምህርት መጣ፤ ጎርጎርዮስም በዚያ አይቶታል። ይህ ሰው ከአረማውያን መካከል የበቀለ እንዳይመስላችሁ! ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን የተማረ፥ በቤተ ክርስቲያንም ቆሞ ለሕዝብ ያነበበ አንባቢ ነበር። በእኛ ቋንቋ ብንናገር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ታዲያ አቴና አሳተችውን? አላሳተችውም። ራሱ በኋላ እንደ ገለጠው ክርስትናን በልቡ የተወው ወደ ሃያ ዓመቱ ገደማ ነው፤ ይህም አቴና ከመምጣቱ አራት ዓመት ያህል በፊት ነው። በውጭ ክርስቲያን እየመሰለ፥ በውስጥ ግን ሌላ ሆኖ ዐሥር ዓመት ያህል ኖረ። በ361 ብቻውን በነገሠ ጊዜ የሰወረውን ገለጠ፤ የጣዖታቱን ቤት አስከፈተ። በ362ም ክርስቲያን መምህራን የግሪክን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። በ363 በፋርስ ጦርነት ሞተ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፤ ባሕር ማዶ በሰው ልብ የሌለውን አይተክልም፤ ያለውን ግን ያወጣዋል። በአገር ቤት ደወሉ ይቀሰቅሰናል፤ እናታችን ጾም መግባቱን ትነግረናለች፤ ጎረቤቱ ያየናል። እነዚህ ሁሉ በረከቶች ናቸው። ነገር ግን እንደ ድጋፍ እንጨት ናቸውና ከውስጥ ያለው ግድግዳ ቆሞ ይሁን ወድቆ አያሳዩም። በሰው አገር ድጋፉ ይነሣል። የልደት በዓላችን ታኅሣሥ 29 ቀን በብዙ አገሮች ተራ የትምህርት ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብም እንደ ሌሎቹ ቀናት ያልፋሉ። በዚያን ጊዜ የሚጸልይና የሚጾም፥ ለሰው ሳይሆን ለእግዚአብሔር ያደርገው እንደ ነበረ ለራሱ ይታወቀዋል። ሥጋ አልበላም ማለት በዛሬው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ስለ ጤናቸው ያደርጉታል። የሚያሳፍረው «አንተስ ስለ ምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ማጣት ነው። መልሱ ደግሞ ከመሄድ በፊት እዚህ የሚማሩት ነው።

ሁለተኛ፤ ዑልያኖስ ቍስል ነበረበት። በ337፥ ገና የስድስት ዓመት ገደማ ሕፃን ሳለ፥ አባቱንና ብዙ ዘመዶቹን ወታደሮች ገደሉበት። ለዚህም በኋላ ተጠያቂ ያደረገው ክርስቲያን ነኝ የሚለውን ንጉሥ፥ የአጎቱን ልጅ ነው። በሚያነበው ወንጌልና በሚያየው ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ልቡን አቈሰለው። ይህ ክሕደቱን ጽድቅ አያደርገውም። ነገር ግን እኛን ያስጠነቅቀናል። በመካከላችን ጥያቄ የያዘ፥ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሥራ የተሰናከለ ወንድም ወይም እኅት ይኖራል። «ዝም በል፤ ይህ አይጠየቅም» ብለን ካሳለፍነው፥ ጥያቄውን ጠቅልሎ በሻንጣው ይዞት ይሄዳል። እዚያ የሚመልስለት ሌላ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀውን እንስማው፤ የማናውቀውን አብረን ካህናትንና መምህራንን እንጠይቅ። ጥያቄ ይዞ በመካከላችን የተቀመጠ፥ ጥያቄውን ሰውሮ ከሚዘምር ይልቅ ለመዳን የቀረበ ነው።

የሁለቱ ወዳጆች ታሪክ ግን በአቴና አላበቃም። ባስልዮስ በ356 ገደማ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሁሉም አከበረው፤ በንግግሩም ተደነቁ። እርሱም በዕውቀቱ መታበይ ጀመረ። ይህን አይታ ያልታለለች ታላቅ እኅቱ ቅድስት ማክሪና ነበረች። አቴናን አላየችም፤ የተማረችው በቤት ከእናቷ ከኤሚልያ ዘንድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ነበር። ነገር ግን ወንድሟን ወደ ትሕትና የመለሰችው እርስዋ ናት። ከዚያም ተጠመቀ፤ ሁለተኛ ጉዞም ጀመረ። ይህ ጉዞ የንግግር ጥበብን ፍለጋ አልነበረም፤ በግብጽ፥ በፍልስጥኤም፥ በሶርያና በመስጴጦምያ የሚኖሩ መነኰሳትን ለማየት ነበር። ተመልሶም ገንዘቡን ለድሆች አካፈለ።

የአቴናውን ትምህርትስ ጣለውን? አልጣለውም። ወጣቶች ከግሪክ መጻሕፍት እንዴት እንደሚጠቀሙ ባስተማረበት ጽሑፍ የንብን ምሳሌ አመጣ። ንብ አበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ የቀረውን ትታ ትሄዳለች። በ368 ገደማ በቀጰዶቅያ ረኃብ በጸና ጊዜ፥ በአቴና የተማረው የንግግር ጥበብ የባለጸጎችን ጎተራ አስከፈተ። ባስልዮስም ወገቡን ታጥቆ ለተራቡት የጥራጥሬ ወጥ አቀረበ፤ እግራቸውንም አጠበ። በ370 ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከቂሳርያ ከተማ ውጭ ለሕሙማን፥ ለድሆች፥ ለመንገደኞችና ለለምጻሞች መጠጊያ ቤቶችን አሠራ። የተማረው ሕክምናም የተማረው ንግግርም በዚህ ፍሬ አፈሩ። በ379 ዐረፈ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእኛ መካከል ለመሄድ የተዘጋጃችሁ፥ ከመሄዳችሁ በፊት የጸሎታችሁን ሰዓት ወስኑ፤ በደረሳችሁበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያንን አስቀድማችሁ ፈልጉ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ከተሞች የቤተ ክርስቲያናችን አጥቢያዎች አሉ። አንድ ጎርጎርዮስ ፈልጉ፤ ለሌላውም ጎርጎርዮስ ሁኑለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና ብቸኝነትን ለብቻ አትሸከሙት። አዲስ የመጣውን ተማሪ ከመሳለቅ አድኑት፤ አውቶቡሱን አሳዩት፤ በአንድ ገበታ አብራችሁት ብሉ።

የምንቀረው ደግሞ ማክሪናን እንምሰል። ለሄዱት ስንደውልና ስንጽፍ «ምን ልትልክልን ነው?» ከማለት በፊት «ቆረብህ ወይ? ማን አለህ?» እንበላቸው። ሲመለሱ በልብሳቸውና በንግግራቸው አንደነቅ፤ በነቀፋም አንቀበላቸው። በፍቅር እውነቱን የሚነግር ያስፈልጋቸዋልና።

አቴና ለመሄድም ባሕር መሻገር የግድ አይደለም። ከገጠር ወደ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድማችንም፥ ለሥራ ከቤተ ሰብዋ ርቃ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር እኅታችንም አቴና ላይ ናቸው። ድጋፉ የተነሣበት ስፍራ ሁሉ አቴና ነው። በዚያም ብዙ መንገድ አለ። ሁለቱን እንወቅ፤ በሁለቱም እንትጋ።

ቅዱሳኑን በሰው አገር የጠበቀ አምላክ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ የቀረነውንም በቤቱ ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።