ስለ በረዶና ስለ ቅን ፍርድ

ሁለት ልጆች እኩል ቢተጉ፥ ነገር ግን አንዱ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ሲያገኝ የሁለተኛው ሜዳ ለብዙ ወራት በበረዶ ቢቀበር፥ በውድድር ቀን ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ቅን ፍርድ ነውን? ይህ ነገር ለብዙ ሰው የጨዋታ ወሬ ይመስለው ይሆናል፤ እኔ ግን የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ አገኘዋለሁ። ምሳሌውንም ከጃፓን አገር አመጣለሁ።

በጃፓን ቤዝቦል የሚባል፥ በዱላና በትንሽ ኳስ የሚካሄድ ጨዋታ እጅግ የተወደደ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በየዓመቱ በመጋቢትና በነሐሴ ኮሺየን በሚባለው ሜዳ ይወዳደራሉ። ከሳይቤርያ የሚነሣው የብርድ ወራት ነፋስ ባሕሩን ሲሻገር እርጥበት ይሸከማል፤ ከጃፓን ተራሮች ጋር ሲጋጭም ሸክሙን በረዶ አድርጎ ያወርደዋል። ስለዚህ በሰሜንና በምዕራብ ዳርቻ ባሉት ተራራማ ከተሞች የሚኖር ተማሪ በአዳራሽ ውስጥ ኳስ ይወረውራል፥ በበረዶም ላይ ይሮጣል። የደቡቡ ልጅ ግን በዚያው ጊዜ በደረቅ ሜዳ ላይ ይለማመዳል። የመጋቢቱ ውድድር ሲደርስ በብዙ የተራራ ከተሞች በረዶው ገና አይቀልጥም።

የነሐሴው ውድድር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ሲጀመር፥ ቶሆኩ ከሚባለው የሰሜን ክፍል የመጡት የአኪታ ተማሪዎች እስከ ፍጻሜው ደርሰው 2 ለ1 ተሸነፉ። በ1969 የሚሳዋ ልጆች በፍጻሜው 18 ዙር ተጫውተው 0 ለ0 ተለያዩ፤ በማግሥቱ ግን 4 ለ2 ተረቱ። ከቶሆኩ የመጀመሪያው አሸናፊ፥ የሴንዳይ ኢኩዬ ተማሪ ቤት፥ የተገኘው በ2022 ነው። ይኸውም 107 ዓመት መሆኑ ነው።

«ችግር መምህር ነው፤ በረዶው ልጆቹን ያጸናቸዋልና ማጕረምረም አይገባም» የሚሉ አሉ። ችግር ብቻውን ድል የሚሰጥ ቢሆን ግን ሰሜን ገና ድሮ ባሸነፈ ነበር። ከበረቱት የሰሜን ተማሪ ቤቶች ብዙዎቹ ጣሪያ ያለው መለማመጃ ሠርተዋል፥ ከሌላ አውራጃም ተጫዋቾችን አስመጥተዋል። እንግዲህ በረዶን ያሸነፈው ትጋት ብቻ ሳይሆን ጣሪያና ገንዘብም ጭምር ነው። በሞቀ ቤት ተቀምጦ የሌላውን ብርድ ማመስገን ቀላል ነው።

በ2001 የመጋቢቱ ውድድር አዘጋጆች በችግር ውስጥ ለሚተጉ ተማሪ ቤቶች ጥቂት ቦታ መለየት ጀመሩ፤ በረዶም ከሚቈጠሩት ችግሮች አንዱ ነው። አንዳንዶች ይህን ምጽዋት ይሉታል። እኔ ግን የተሰጠው ምን እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። የተሰጠው መግቢያ በር ነው እንጂ ነጥብ አይደለም። ከገባ በኋላ ሦስት ጊዜ የሳተ መቺ፥ የተራራ ልጅም ቢሆን፥ እንደ ማንኛውም ሰው ይወጣል። ነጥብ ቢጨመርለት ኖሮ ውርደት በሆነበት፤ ስጦታው እንደማትችል ቈጥረንሃል ማለት ነበርና።

በእርግጥ በዚህ ምክንያት ቦታ የሚያጣ ሌላ ብርቱ ቡድን ይኖራል፤ ይህን ጉዳት መካድ ቅንነት አይደለም። ነገር ግን ያ ቡድን የፀሐይ አገር ቡድን ከሆነ፥ ሜዳውን የሚያደርቅለት ፀሐይ ሳይለምን ተሰጥቶት ነበር፤ ያንን ስጦታ ማንም ምጽዋት ብሎ አልጠራውም። ለአንዱ የተሰጠው ሀብት መብት፥ ለሌላው የተሰጠው ግን ልመና ተብሎ ከተጠራ፥ ሚዛኑ ጨዋታው ሳይጀመር ተዛብቷል።

የበረዶ አገር ልጅም የራሱ ፈተና አለበት፤ ይኸውም በረዶውን ለስንፍናው መሸሸጊያ ማድረግ ነው። በረዶ ሜዳን ይሸፍናል እንጂ አዳራሹን አይዘጋም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ባሸነፍህ ጊዜ ከድካምህ ጋር ሳትደክም ያገኘኸውንም ቍጠር። መንገድህ በተዘጋ ጊዜም በሩ እንዲከፈትልህ ያለ እፍረት ጠይቅ፤ ከገባህ በኋላ ግን ሚዛኑ እንዲያዳላልህ አትጠይቅ።