የጣልነው የት ይወድቃል?

«ጣልኩት» የምትለዋ ቃል ትገርመኛለች። ጣዩ አለባት፤ የወደቀበት ቦታ ግን አይነገርባትም። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከሆነም የተወጋበት መርፌ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ይታሰርና ከበር ይወጣል። ከዚያ ወዲያስ የእኔ ነውን?

አንድ ወዳጄ አይደለም ባይ ነው። «የቆሻሻውን ከውሃ ሂሳቤ ጋር እከፍላለሁ፤ ቀሪው የተቀባዩ ፋንታ ነው» ይለኛል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ከተማ ማለት ሥራ ተከፋፍሎ መኖር ነው፤ ዳቦ የሚበላውን ሰው «ስንዴውን ራስህ ዝራ» አንለውም። ግን ያ ገንዘብ የገዛው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ጭነቱን ብቻ ነው። አደጋው ባለቤት ይለውጣል እንጂ በክፍያ አይጠፋም።

ወደ ማን እንደሚሄድ ደግሞ እናውቃለን። አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጥራጊዋን የከመረችበት ረጲ፣ ሁላችን ቆሼ የምንለው፣ ድሮ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እየሰፋ ደረሰበት፤ ከቁልሉ ሥርም ሰው ጎጆ ቀለሰ። ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት ለቅሞ ለሚያድር ሰው እንጀራው እዚያ ነውና። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ መድፊያ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘጋና መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። (በገበሬዎቹ አልፈርድም፤ በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም እምቢ እል ነበር።) ቆሼ ሥር ያለው ግን እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ቁልሉ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

ከዚያ ሁሉ ክምር አንዷን ፌስታል «የእኔ ነበረች» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሁላችን የጣልነውን ማንም አልጣለውም! ወዳጄ እዚህ ላይ «መድፊያ መምረጥም ሰው ማስፈርም የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ስለ እኔ ብርጭቆ ግን ምንም አልነገረኝም።

በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። መልካም። ይሁንና ከማሽኑ በፊት በየበራችን ማዳበሪያውን የምታነሣው ሴት አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጓንት። መርፌውን ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ መክደን፣ ብርጭቆውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ለብቻው ማሰርና «እህቴ፣ ይኼ ስለት አለበት» ብሎ መስጠት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ወዳጄ ይህን ደግነት ይለዋል። እኔ ዕዳ ነው ባይ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።